ከየብስ የተነሳው ነፋስ እያሳሳቀ ወሰደኝ

ሸራ_ወጣሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። ቁጭ ባልኩ ቁጥር እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ዛሬ ግን ካልጻፍኩት ጨርሶ አልጽፈውም ብዬ ተቀምጫለሁ።

ዊንድሰርፊንግ፣ ማለት ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ በነፋስ ውሃ ላይ መንሸራተት፣ ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። ጀማሪ አይደለሁም። ያንገበገበኝም እሱ ነው፤ ሳላውቅ ቀርቼ ሳይሆን የማውቀውን ረስቼ ነው።

ዕለቱ እሁድ ነበር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ባሕሩ ዳር ደረስኩ። ውሃው ዝርግ ነው። ከዳርቻው አጠገብ አንዲት ሞገድ የለችም፤ መስታወት በሉት። ነፋሱ ከኋላዬ፣ ከኮረብታው በኩል ወደ ውሃው ይነፍሳል። ትንበያው 14 ኖት ይላል፤ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ለእኔ ክብደት 5.8 ካሬ ሜትሩ ሸራ ልክ ነው። "ዛሬማ የእኔ ቀን ነው" አልኩ። ምሰሶውን ገጣጠምኩ፣ ሸራውን ወጠርኩ፣ ቡሙን (በእጅ የሚያዘውን የሸራውን አግዳሚ ዘንግ) አሰርኩ። ምሰሶውን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘውን የጎማ መገጣጠሚያ ግን አላየሁትም። ሁልጊዜ የምነካው ነገር ስለሆነ ዓይኔ አልፎት ሄደ። የት እንደምሄድም ለማንም አልነገርኩም።

የመጀመሪያውን 40 ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ። ቦርዱ ውሃውን መግፋቱን ትቶ ላዩ ላይ መንሸራተት ሲጀምር ድምፁ ይለወጣል። መጀመሪያ ውሃው ቦርዱን እያንኳኳ ይንጫጫል፤ ከዚያ ድንገት ሁሉም ነገር ይቀልና ከእግርህ ሥር ትርትር የሚል ድምፅ ብቻ ይቀራል። ክብደትህን ሃርነሱ ላይ፣ ማለት ከቡሙ ገመድ ጋር በመንጠቆ በሚያያዘው መታጠቂያ ላይ፣ ስትጥል ክንድህ ያርፋል። ነፋሱ ይይዝሃል፣ አንተም ትይዘዋለህ። እየራቅኩ መሆኔ እንኳን አልተሰማኝም።

በራቅኩ ቁጥር ነፋሱ በረታ። ዳርቻው ላይ ኮረብታው ከልሎልኝ ነበርና ከከለላው ስወጣ ሙሉ ጉልበቱን አገኘሁት። ሞገዱ ጫፍ ላይ ነጭ አረፋ ሲበዛ አየሁና ለመመለስ ዞርኩ። ነፋሱ የሚመጣው ከዳርቻው በኩል ስለሆነ ቀጥ ብሎ መመለስ የለም። ግራና ቀኝ እያልክ ነው ወደ ነፋሱ የምትወጣው። ሁለተኛው ዙር ላይ ከእግሬ ሥር "ጧ!" አለ።

ምሰሶው ከቦርዱ ተላቀቀ። እኔ ከነሸራው በአንድ በኩል ወደቅኩ። ከመንጠቆው ተላቅቄ ቀና ስል ቦርዱ አምስት ስድስት ሜትር ርቋል። ነፋሱ እየገፋው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ዋኝቼ አላውቅም። ደረስኩበትና ደረቴን ጣልኩበት። ከዚያ በሆዴ ተኝቼ በእጄ እየቀዘፍኩ ወደ ሸራው ተመለስኩ። አሥር ሜትር ለማትሞላ ርቀት ብዙ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሸራውን በመሳቢያ ገመዱ ከፊተኛው የእግር ማስገቢያ ጋር አሰርኩት። ያን ጊዜ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ገመዱን አያለሁ፣ ጣቴን አያለሁ፣ ግን አይገናኙም። ቋጠሮውን ያጠበቅኩት በጥርሴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዳርቻው ቅርብ ይመስል ነበር። የመኪናዬ መስታወት በፀሐይ ሲያብለጨልጭ አየዋለሁ። ልቤ "ዋኝተህ ግባ" አለኝ። አንድ እግሬን ከቦርዱ አውርጄም ነበር። ያስቆመኝ የመጀመሪያው ቀን አስተማሪዬ ሦስት ጊዜ የደጋገመልኝ ቃል ነው፤ "የፈለገው ቢመጣ ቦርድህን እንዳትለቅ።" እግሬን መልሼ ሰበሰብኩ። ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። ሰው ያየሁ በመሰለኝ ቁጥር ሁለት እጄን ዘርግቼ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ።

1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ቆየሁ። ከዚያ ወደ ወደቡ የሚመለስ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ አገኘኝ። ከዳርቻው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ እንደነበር ነገሩኝ። መጀመሪያ ያዩት እኔን አይደለም። ውሃው ላይ የተኛውን ቢጫ ሸራ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አለመዋኘቴ ልክ ነበር? እስካሁን ሌሊት ሌሊት እመላለስበታለሁ። ሁለተኛ፣ እናንተ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ምን ምን ታያላችሁ?

ሰማያዊ_ውሃ፦

እንኳን እግዜር አተረፈህ ወንድሜ። አንብቤ ስጨርስ እጄን ላብ አልቦታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ማዕበል_ጠባቂ፦

እንኳን ተረፍክ። ለ11 ዓመት የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ሆኜ ሠርቻለሁ። ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሴ አጭር ነው። ልክ ነበርክ። እግርህን መልሰህ የሰበሰብክባት ሰከንድ ናት ያተረፈችህ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ ከሁሉም የከፋ አታላይ ነው። ዳርቻው ላይ ቆመህ ስታይ ሞገድ የለም። ሞገድ ለመነሳት ርቀት ይፈልጋል፤ ነፋሱ ውሃውን እየገፋ በሄደ መጠን ነው የሚያድገው። ስለዚህ እግርህ ሥር ያለው ውሃ ዝርግ ሲሆን አንድ ኪሎ ሜትር ወዲያ ያለው እየተናወጠ ነው። ደግሞ ከዳርቻው ሆነህ የምታየው የሞገዱን ጀርባ ነው። አረፋው የሚወድቀው በወዲያኛው በኩል ስለሆነ ከሆነው በታች ትንሽ ይመስልሃል።

ርቀትም ያታልላል። ውሃ ላይ መለኪያ የሚሆን ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። አንድ ኪሎ ሜትር ሲሆን 300 ሜትር ይመስላል። ሰው "ደርሼ እመጣለሁ" ብሎ ቦርዱን ይለቃል። ነፋሱ ፊቱ ላይ እየረጨበት፣ ሞገዱ እየመለሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይደክማል።

አሁን ራስህን በእኛ ቦታ አድርገህ እየው። ጀልባ ላይ ሆነን ስንፈልግ የዋናተኛ ጭንቅላት ከሞገድ መሃል ኳስ ታክላለች። ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች። ቦርድ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ከሩቅ ይለያል። የተዘረጋ ሸራ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይታያል። ሸራው ሌላም ውለታ ውሎልሃል። ውሃ ውስጥ ተኝቶ እንደ መልሕቅ ስለሚጎትት ባዶ ቦርድ ከሚሄደው ቀስ ብለህ ነው የሄድከው። ሸራውን ለቀህ ቢሆን ኖሮ ጀልባዋ ስትደርስ ከ4 ኪሎ ሜትሩ አልፈህ ነበር።

የእጅ ምልክቱን በትክክል ነው ያደረግከው። ሁለት እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ማድረግ በዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው። አንድ እጅ ብቻ ካወዛወዝክ ሰው ሰላምታ መስሎት መልሶ ያወዛውዝልሃል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ረጅም_ዋና፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። በሳምንት ሦስት ቀን 2 ኪሎ ሜትር እዋኛለሁ። ቁጭ ብሎ ወደ መሃል ባሕር መወሰድ ይሻላል ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ያቺ ጀልባ ባትመጣስ? ጉልበት ያለው ሰው ጉልበቱ ሳይደክም መዋኘት የለበትም? ለክርክር ብዬ ሳይሆን ከልቤ ነው የምጠይቀው። እኔም ዊንድሰርፊንግ ልጀምር ነው።

ነጭ_ጋውን፦

@ረጅም_ዋና ጥያቄህ ተገቢ ነው። ነርስ ነኝ፤ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ከሰውነት በኩል ያለውን ልንገርህ።

ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ይወስዳል። ገንዳ ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር የሚዋኝ ክንድ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ያው ክንድ አይደለም። ሰውነት ሲበርደው ደሙን ከእጅና ከእግር ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሰበስባል። ጣት ይደነዝዛል፣ ክንድ ይከብዳል። ሸራ ወጣሪ ገመድ ማሰር ያቃተው ለዚህ ነው፤ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እንደዚያ በሆነ እጅ ነው እንግዲህ የሚዋኘው።

በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው የሚነገር ቀላል ቁጥር አለ፤ 1፣ 10፣ 1። የመጀመሪያዋ 1 ደቂቃ ትንፋሽህን የምትቆጣጠርባት ናት። ቅዝቃዜው ሲመታህ ሳታስበው አየር ትስባለህ፣ ትንፋሽህ ይቆራረጣል። ያኔ ጭንቅላትህ ውሃ ውስጥ ከሆነ የምትስበው ውሃ ነው። ቀጥሎ እጅና እግርህ የሚታዘዙልህ 10 ደቂቃ ያህል አለህ። ከዚያ ራስህን እስክትስት 1 ሰዓት ያህል። ብዙ ሰው በብርድ የሚሞተው በሦስተኛው ይመስለዋል። ብዙዎቹ ግን የሚሰጥሙት በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው፣ የሚይዙት ነገር ስለሌላቸው። ሞቅ ባለ ውሃ ጊዜው ይረዝማል እንጂ መንገዱ ያው ነው።

ቦርድ ላይ መውጣት ማለት አብዛኛውን ሰውነት ከውሃ ማውጣት ማለት ነው። ጉልበትህን ማቀፍህም ጥሩ ነበር፤ ብብትና ብሽሽት ብዙ ሙቀት የሚያመልጥባቸው ቦታዎች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። የበረደው ሰው እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ሰውነቱ እየታገለ ነው። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ካቆመ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን አደጋ ላይ ነው። አጋድማችሁ ያዙት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቁለት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ እርዳታ ጥሩ። እጅና እግሩን አትሹት። አልኮል በጭራሽ አትስጡት።

ሸራ ወጣሪ፣ ምን ለብሰህ ነበር?

ሸራ_ወጣሪ፦

@ነጭ_ጋውን ቁምጣና እጅጌ ረጅም ስስ ቲሸርት። ውሃው 18 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ዌትሱቱ (ውሃ ውስጥ ሙቀት የሚጠብቀው የጎማ ልብስ) መኪናው ውስጥ ነው የነበረው። "ፀሐይ ነው፣ ይሞቀኛል" ብዬ ትቼው ወጣሁ። ስንወጣ ፀሐዩን እያየን ነው የምንለብሰው። የሚያስፈልገው ግን ለውሃው መልበስ ነው። ጀልባው ላይ ሲያወጡኝ "አመሰግናለሁ" ማለት ፈልጌ አፌ አልተላቀቀም።

እጀ_ብረት፦

እኔ የቦርድና የሸራ ጥገና ነው ሥራዬ። ስለዚያች ጎማ ልናገር።

ዊንድሰርፊንግ ራሱ ያለዚያች መገጣጠሚያ የለም። ኒውማን ዳርቢ የሚባል አሜሪካዊ በ1964 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሸራ ያለው ቦርድ ሠርቶ ነበር። በ1968 ደግሞ ጂም ድሬክና ሆይል ሽዋይትዘር የፈጠራ መብት ጠየቁ፤ በ1970 አገኙ። የእነሱ ቁልፍ ነገር ምሰሶው በሁሉም አቅጣጫ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው መገጣጠሚያ ነው። መሪ የለም፣ ሸራውን ወደፊትና ወደኋላ በማዘንበል ነው የሚነዳው። ስፖርቱ በ1984 ኦሎምፒክ የገባውም በዚችው ላይ ቆሞ ነው። በሌላ አነጋገር የሸራው ጉልበት በሙሉ ወደ ቦርዱ የሚተላለፈው ከቡጢ በማትበልጥ ጎማ ነው። ምን ያህል እንደምትለፋ አስቡት።

ጎማዋን ፀሐይ ያደርቃታል፣ ጨው ይበላታል። ከላይ ደህና ትመስላለች። ስንጥቁ የሚጀምረው ከብረቱ ወይም ከፕላስቲኩ ጋር በምትገናኝበት ጫፍ ነው፤ ቀጥ ብላ ስትቆም ይከደናል። ስለዚህ ማየት ብቻውን አይበቃም። በሁለት እጅ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ወደ አራቱም ጎን እጠፏት። ስታጥፏት አፉን ይከፍትላችኋል። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካያችሁ አትከራከሩ፣ ቀይሩ። ሳይሰነጠቅም ቢሆን ብዙ የሚወጣ ሰው በየዓመቱ ቢለውጥ እመክራለሁ። የምትይዘውን ፒንና ዊንጮቿንም ዳብሱ።

አብዛኞቹ መገጣጠሚያዎች ጎን ላይ ትንሽ የመጠባበቂያ ገመድ አላቸው። ጎማው ቢበጠስ ምሰሶውና ቦርዱ እንዳይለያዩ ነው። ሸራ ወጣሪ፣ ያንተው ላይ ነበረች?

ሁለት ሜትር ቀጭን ገመድ ደግሞ ሃርነሳችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱ። ቦታ አትይዝም። በተበጠሰ ጊዜ ምሰሶውን ቦርዱ ላይ አስራችሁ ቀስ እያላችሁ ልትመለሱባት ትችላላችሁ። አንድ ደንበኛዬ እንደዚያ አድርጎ በራሱ ገብቷል።

ሸራ_ወጣሪ፦

@እጀ_ብረት ነበረች። ባለፈው ዓመት ተበጥሳ "ኋላ አስርባታለሁ" ብዬ ትቻት ነበር። አልዋሽህም።

ትናንት የተረፈውን ጎማ አጠፍኩት። ከተበጠሰበት ፊት ላይ ግማሹ ጥቁርና የቆሸሸ ነው፣ ግማሹ ብቻ አዲስ ስባሪ። ማለት ከረጅም ጊዜ በፊት እስከ ግማሽ ድረስ ተሰንጥቆ ጨው ገብቶበታል። በዚያ ግማሽ ላይ ነው ስንት ቀን የወጣሁት።

ደመና_ቆጣሪ፦

የነፋሱን ነገር ማንም አልነካውምና እኔ ልበል።

ሌሊት የብስ ከባሕር ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጠዋት ላይ አየር ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ይገለበጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ይመጣል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኮረብታ ከኋላው ባለ ዳርቻ የወጣ ሰው ከየብስ የሚመጣውን ነው የሚያገኘው። ኮረብታ ሲኖር ደግሞ ነፋሱ እኩል አይወርድም። አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ እንደ ጥፊ ይመጣል።

ሌላው የቁጥሩ ነገር ነው። 20 ኖት የ10 ኖት እጥፍ ይመስላል። ሸራው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ግን አራት እጥፍ ነው፤ የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። 14 ብሎ ወጥቶ ውጭ ላይ 21 የገጠመው ሰው ከጠበቀው ሁለት እጥፍ ከሩብ ጉልበት ነው የጠበቀው። ሸራው ግን ያው 5.8 ነው።

መሣሪያ ባይኖራችሁ ውሃውን አንብቡ። ቦፎርት የሚባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በፈረንጅ 1805 ያዘጋጀው መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራል። ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ ካለ 3ኛ ደረጃ ነው፣ ከ7 እስከ 10 ኖት። አረፋው ከበዛ 4ኛ፣ ከ11 እስከ 16። ትልልቅ ሞገድ ተነስቶ አረፋው በየቦታው ከተነጠፈና ውሃው መርጨት ከጀመረ 6ኛ ነው፣ ከ22 እስከ 27። ግን ይሄ ንባብ ከየብስ ለሚመጣ ነፋስ ዳርቻው ላይ ቆሞ አይሠራም። ማዕበል ጠባቂ እንዳለው እግራችሁ ሥር ያለው ውሃ ይዋሻል። ሩቁን እዩ፤ ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ቢሆን ይመረጣል።

እኔ ከየብስ የሚነፍስ ከሆነ አልገባም። በቃ። ከጎን የሚመጣውን እጠብቃለሁ። ከጎን ሲሆን መሄጃውም መመለሻውም እኩል ነው።

ጀማሪዋ፦

እኔ አምስት ጊዜ ብቻ ነው የወጣሁት። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ሸራው ላዬ ላይ ይወድቅና እሱ ሥር እቀራለሁ። ባለፈው ጊዜ ሆነ። ዓይኔን ስገልጥ ሁሉ ነገር ብጫ ነው፣ ላይና ታች አይለይም። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ሞኝነት ነው?

የቦርድ_አስተማሪ፦

@ጀማሪዋ እህቴ፣ ምንም ሞኝነት የለውም። ተማሪዎቼን ሁሉ ሸራ ሥር ሳላስገባ ጥልቅ ውሃ አላስወጣም። ያየሽው ብጫ ብርሃን ራሱ መልስ ይዞልሻል፤ ብርሃኑ ያለበት ላይ ነው።

ስትወድቂ አንድ እጅሽን ከፊትሽ ጥለሽ ወደ ላይ ዘርጊ። እጅሽ ሸራውን ይነካል። ወደ ላይ ግፊው። ሸራ ውሃው ላይ ተለጥፎ ነው እንጂ አይከብድም፤ ስትገፊው አየር ይገባና ትንሽ ጎጆ ይሠራልሻል። ተንፍሺ። ከዚያ አትደናገጪ፣ ዞረሽም አትፈልጊ። ቡሙን ወይም የሸራውን ስፌት በእጅሽ ያዢና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተከተይ። ሸራ ትልቅ አይደለም። በአንድ አቅጣጫ የሄደ ሰው በጥቂት ሰከንድ ዳሩ ላይ ይደርሳል። የሚቸገረው እዚያው የሚሽከረከረው ነው።

ሃርነስ ስትጀምሪ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ስትወድቂ መንጠቆው ከገመዱ ጋር ሊጠማዘዝ ይችላል። ያኔ ወደ ኋላ አትጎትቺ፤ ሲጠብቅ ይበልጥ ይቆልፋል። ወደ ቡሙ ቀረብ በይ፣ ገመዱ ሲላላ በእጅሽ አውጪው። እምቢ ካለ ሃርነሱን ራሱን ፍቺና ውጪ። ዳርቻ ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሃያ ጊዜ ፍቺው። እጅሽ ይለምደዋል።

በሚቀጥለው ጊዜ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሆን ብለሽ አሥር ጊዜ ሸራውን ላይሽ ላይ ጣዪው። ሰው አጠገብሽ ይቁም።

የልጅ_እናት፦

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። በዋና ጎበዝ ነው። "ዊንድሰርፊንግ ካላስተማርሽኝ" ብሎ አላስቀምጥ ብሎኛል። ይሄን ሁሉ ሳነብ ልከልክለው ወይ አልኩ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቦርድ_አስተማሪ፦

እመቤቴ፣ አይከልክሉት። ከከለከሉት ከጓደኛው ቦርድ ተውሶ በራሱ ይሞክራል፤ የምፈራው ያንን ነው።

ሰፊ፣ ተንሳፋፊነቱ ከፍ ያለ ቦርድ ላይ ይጀምር። ሸራው ትንሽ ይሁን። ነፋሱ ከ6 እስከ 10 ኖት፣ ከጎን የሚመጣ። ቢወድቅ እግሩ መሬት የሚነካበት ውሃ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በአስተማሪ። ምሰሶና ቡም ጭንቅላት ላይ ስለሚወድቁ የራስ ቁር ያድርግ። እግሩም ይጫማ፤ የባሕር ጃርት እሾህ ተረከዝ ውስጥ ገብቶ ሲሰበር ለሳምንታት ያሰቃያል።

ተንሳፋፊ ጃኬት ሲገዙለት አጠር ያለውን፣ ለዋናተኛ የሚሆነውን ይምረጡ። ትልልቁ የመርከብ ጃኬት ወደ ላይ ስለሚገፋ ከሸራ ሥር ጠልቆ መውጣት ያስቸግራል። ፊሽካም ይንጠልጠልበት።

ደግሞ ሲመለስ "ስንት ርቀት ሄድክ?" ብለው አይጠይቁት። "ነፋሱ ከየት ነበር?" ይበሉት። መልሱን ሳያስብ የሚመልስ ከሆነ እያደገ ነው።

የልጅ_እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን ምክር ዛሬ ማታ ሞከርኳት። "ከምሥራቅ ነው፣ ግን ከሰዓት በኋላ ይዞራል" አለኝ። ስልኩ ላይ ትንበያ ሲያይ ነው የሚውለው ለካ።

ማዕበል_ጠባቂ፦

ሞገድ የሚሰበርበት ዳርቻ የምትወጡ ሰዎች የመላሽ ውሃን ነገር አትርሱ። ሞገድ ያመጣው ውሃ በጠባብ መስመር ተሰብስቦ ወደ ባሕር ይመለሳል። ከሁለት ሞገድ መሃል ጸጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ ወይም የደፈረሰ መስመር ካያችሁ እሱ ነው። ጀማሪ ለመግቢያ የሚመርጠው እሱን ነው፣ ሞገድ ስለሌለበት። ሲበረታ በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ይህን ፍጥነት ተቋቁሞ የሚዋኝ ሰው የለም፣ ሻምፒዮንም ቢሆን። @ረጅም_ዋና ይሄ ላንተም ነው። ቦርድህ ላይ ከሆንክ ተኛበትና ከዳርቻው ጋር ትይዩ ቅዘፍ። መስመሩ ጠባብ ነው፣ ትወጣለህ። ወደ ታች አይጎትትም፣ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው።

አንድ ልዩነት ግን ላስገባ፣ ቅድም የጻፍኩት ሁልጊዜ እንዳይመስላችሁ። ሸራህን መተው ያለብህ ጊዜ አለ። ወደ ቋጥኝ ወይም ወደ መርከብ መስመር እየተወሰድክ ከሆነና ዳርቻው በእውነት ቅርብ ከሆነ፣ ሸራውን ፈትተህ ጣለውና ቦርዱ ላይ ተኝተህ ቅዘፍ። ሸራ ይተካል። ቦርዱን ግን በምንም አትለቅም።

ሰማያዊ_ውሃ፦

መብረቅም አለ። የካርቦን ምሰሶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ውሃው ላይ ብቸኛው ከፍ ያለ ነገር ያንተ ምሰሶ ነው። ነጎድጓድ ከሰማሁ እወጣለሁ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አልመለስም።

ጄሊፊሽ የነካው ሰው ደግሞ በባሕር ውሃ ይጠብ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይጠብ። ጨው የሌለው ውሃ ቆዳው ላይ የቀረውን መርዝ እንዲረጭ ያደርገዋል።

ረጅም_ዋና፦

ሁሉንም አነበብኩ። ትናንት ሞከርኩት። ነፍስ አድን ባለበት ዳርቻ፣ ጓደኛዬ በቦርድ እየተከተለኝ፣ 400 ሜትር ወደ ነፋሱ ዋኘሁ። ገንዳ ውስጥ 8 ደቂቃ የሚፈጅብኝ 19 ደቂቃ ፈጀ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሞገድ ይገባል። መሃል ላይ ዳርቻው እየቀረበኝ ሳይሆን ባለበት የቆመ መሰለኝ። ቦርዱ አጠገቤ ባይኖር እንደምፈራ አውቃለሁ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

ጥያቄ አለኝ፤ ስልክ ይዞ መውጣት ይጠቅማል?

እጀ_ብረት፦

@ረጅም_ዋና ውሃ በማያስገባ ከረጢት፣ ደረትህ ላይ። ግን የደነዘዘ ጣት ስልክ መንካት ያቅተዋል፣ ኔትወርክም ውጭ ላይ ይጠፋል። መርከቦች የሚነጋገሩባት ትንሿ የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ትሻላለች። ቻናል 16 ላይ "ሜይዴይ" (የድረሱልኝ ጥሪ ነው) ሦስት ጊዜ ብለህ ያለህበትን ትናገራለህ፣ በአካባቢው ቻናሉን የሚያዳምጥ መርከብ ይሰማሃል። ሕጉን ግን አጣራ፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቦታ አለ።

ሸራ_ወጣሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማዕበል ጠባቂ፣ መልስህን ካነበብኩ በኋላ ያን ሌሊት ሳልነቃ አደርኩ።

ትናንት ወጣሁ። አዲስ ጎማ፣ አዲስ የመጠባበቂያ ገመድ፣ ኪሴ ውስጥ ሁለት ሜትር ገመድ። ዌትሱት ለበስኩ። ነፋሱ ከጎን ወደ ዳርቻው ያዘነብላል። እህቴ ዳር ላይ ተቀምጣለች፤ ወረቀት ላይ "10 ሰዓት ካልተመለሰ ደውዪ" ብዬ የነፍስ አድኖቹን ቁጥር ጽፌ ሰጠኋት።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። መገጣጠሚያዋ በተንቀጫቀጨች ቁጥር ወደ ታች አያለሁ። መንጠቆው ላይ ክብደቴን መጣል አቃተኝ፤ ክንዴ ዛለ። አራተኛው ዙር ላይ ለቀቅኩት። ቦርዱ ተነሳ፣ ያ ትርትርታ መጣ።

ከ300 ሜትር አላለፍኩም። 10 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ወጣሁ። እህቴ ወረቀቱን እጇ ላይ ጨብጣው በላብ ረጥቧል።

ጀማሪዋ፦

@ሸራ_ወጣሪ እልል! ስንት ካሬ ሸራ ነው ያወጣኸው?

ሸራ_ወጣሪ፦

@ጀማሪዋ 4.7። ሰው ሁሉ 5.8 አውጥቶ ነበር። አንቺስ ሸራ ሥር ገባሽ?

ጀማሪዋ፦

ቅዳሜ አሥር ጊዜ። ሰባተኛው ላይ ዓይኔን ገልጬ ቆየሁ። የስፌቱ ክር ቀይ ነው፣ እሱን ይዤ ወጣሁ።